ጥሪው ብቻውን አካል አይሠራም፦ የስላይም ሞልድ ሴሎችን ምን አያይዟቸው ነው?

ስለ ስላይም ሞልድ የሚዞሩ ቪዲዮዎች በዝተዋል። አንዱ ላይ ቢጫ መረብ የመሰለ ነገር ጠመዝማዛ መተላለፊያ ውስጥ ገብቶ ወደ ምግቡ የሚያደርሰውን አጭር መንገድ ሲያገኝ ይታያል። ሌላው ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ሺህ ምናምን ሴሎች ከየአቅጣጫው ተምመው መጥተው ትል የሚመስል ነገር ይሆኑና አብረው ይሳባሉ። ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ። ሁለቱም "ሻጋታ" ይባላሉ። የሁለቱም ማብራሪያ "አእምሮ የለውም፣ ግን ያስባል" በሚል ዓረፍተ ነገር ያልቃል።

ለሁለተኛው ቪዲዮ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ይህን ይመስላል፦ ሴሎቹ ሲርባቸው በኬሚካል ይጠራራሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ አንድ አካል ይሆናሉ። ስህተት የለበትም። ግን "ይሰበሰባሉ" እና "አንድ አካል ይሆናሉ" በሚሉት መካከል ትልቅ ነገር ተዘሏል። መቶ ሺህ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ስለተገኘ ብቻ አንድ አካል አይሆንም። ሴሎቹም እንደዚያው ናቸው። መያያዝ አለባቸው፤ እንደተያያዙ መራመድ አለባቸው፤ ከማን ጋር እንደሚያያዙም መለየት አለባቸው። ይህን ሥራ የሚሠሩት በሴሎቹ ገጽ ላይ የተተከሉ ፕሮቲኖች ናቸው። እንደኔ እንደኔ የታሪኩ ምርጥ ክፍልም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ

ስላይም ሞልድ፣ ዝልግልግ ሻጋታ እንደማለት ነው፣ ሻጋታ አይደለም። ሻጋታ የፈንገስ ወገን ነው። ስላይም ሞልድ ግን የአሜባ ወገን ነው። ስሙ የተለጠፈበት መልኩ ፈንገስ ስለሚመስልና እንደ ፈንገስ ስፖር ስለሚያፈራ ነው። ስፖር ማለት ክፉ ቀንን ተኝቶ የሚያሳልፍ፣ ጠንካራ ልባስ ያለው፣ እንደ ዘር የሚበተን ሴል ነው።

ከዚያ ደግሞ በዚህ አንድ ስም ሥር ሁለት በጣም የተለያዩ ኑሮዎች አሉ። ቢጫው መረብ ፊዛረም ፖሊሴፋለም ይባላል። በ2000 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጃፓን ተመራማሪዎች መተላለፊያ ውስጥ ያስገቡት፣ በ2010 የቶኪዮ አካባቢን የባቡር መስመር የሚመስል መረብ የዘረጋው፣ በ2019 በፓሪስ መካነ እንስሳት "ብሎብ" ተብሎ ለሕዝብ የቀረበው እሱ ነው። ይህ ፍጡር የፈለገውን ያህል ቢሰፋ ያው አንድ ሴል ነው። ውስጡ እልፍ ኒውክለስ፣ ማለትም ጂኖቹን የያዘ እምብርት፣ ይዋኛል፣ በመካከላቸው ግን ግድግዳ የለም። ስለዚህ "ሴሎቹ እንዴት ተጣበቁ?" የሚለው ጥያቄ እሱን አይመለከተውም።

የሚመለከተው ሌላኛውን ነው። ስሙ ዲክቲዮስቴሊየም ዲስኮይዲየም ነው፤ የሚያጠኑት ሰዎች አሳጥረው "ዲክቲ" ይሉታል፣ እኛም እንደዚያው እንበለው። ኬኔት ሬፐር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1933 ከሰሜን ካሮላይና ጫካ፣ ከበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ነው ያገኘው። ከዚያ ወዲህ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ አያውቅም።

ረሃብ የሚጠራው ስብሰባ

ምግብ ሲኖረው ዲክቲ ብቸኛ ነው። እያንዳንዱ አሜባ አፈር ውስጥ ለብቻው እየዞረ ባክቴሪያ ይበላል፣ ለሁለት ይከፈላል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ባክቴሪያው ሲያልቅ ነገሩ ይለወጣል። የተራቡት ሴሎች ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለች ትንሽ ሞለኪውል ወደ ውጭ ይለቃሉ። ይህች ሞለኪውል በሰው ሴሎች ውስጥም አለች፤ የዲክቲን ሴሎች የምትጠራው እሷ መሆኗ የታወቀው ግን በ1967 ነው። ሞለኪውሏ ስትደርሰው ጎረቤት ሴል ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ወደ መጣችበት አቅጣጫ ይራመዳል፣ ራሱም ያንኑ ሞለኪውል ይለቃል። በየ6 ደቂቃው ገደማ አንድ ማዕበል ይነሳል። ማዕበሉ ከሴል ወደ ሴል እየተቀባበለ ይሄዳል፣ ሴሎቹ ደግሞ በተቃራኒው ወደ መሃል ይፈሳሉ።

አፈሳሰሳቸው ደስ ይላል። አንዱ የሌላውን ጅራት ይዞ፣ ጅረት ሠርተው ነው የሚመጡት። እስከ 100,000 የሚደርሱ ሴሎች ጉብታ ይሠራሉ። ጉብታው ይረዝምና ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሆን ትል መሰል አካል ይወጣዋል። ይህ አካል ወደ ብርሃንና ሙቀት እየተሳበ ይሄዳል። ጥሩ ቦታ ሲያገኝ ቆሞ አገዳ ያወጣል፣ አገዳው ጫፍ ላይ የስፖር ኳስ ይሸከማል። አገዳውን የሚሠሩት ሴሎች ከጠቅላላው 20 በመቶ ያህል ናቸው፤ እነዚህ ይሞታሉ። የቀሩት ስፖር ሆነው ይተርፋሉ። ከረሃቡ እስከ አገዳው ያለው ሁሉ በ24 ሰዓት ገደማ ያልቃል።

አሁን ይህን ከእንስሳ አካል ጋር እናስተያየው። የእንስሳ አካል ከአንዲት የተዳቀለች እንቁላል ይነሳል፤ ሴሎቹ አብረው ተወልደው አብረው ያድጋሉ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የዲክቲ አካል ግን ከየቦታው በመጡ ሴሎች ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው ትሉ ሲሳብ እንዳይበታተን መያያዝ ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ አንዱ አምስተኛ ለሌላው ሲል በሚሞትበት ስብሰባ ውስጥ አጠገብህ ያለው ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም ችግር የሚፈታው የሴሉ ገጽ ላይ ነው።

ለምን ሙጫ አልሆነም?

"መጣበቅ" ሲባል ሙጫ ትዝ ይለናል። ሙጫ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል፣ አንዴ ከያዘም አይለቅም። የሴል ፕሮቲን ግን እንዲህ አይሠራም። ከሴሉ ሽፋን ወደ ውጭ የወጣ ቅርጽ ያለው ሞለኪውል ነው፤ የሚይዘው ከቅርጹ ጋር የሚገጥመውን ብቻ ነው፣ ልክ የልብስ ቁልፍ በልኩ በተበሳ ቀዳዳ ብቻ እንደሚገባ።

አያያዙ ደግሞ ደካማ ነው። በ2000 የጀርመን ተመራማሪዎች ሁለት የዲክቲ ሴሎችን አነካክተው ቀስ ብለው በማላቀቅ አንዲት ማያያዣ ለመፈታት ስንት ኃይል እንደምትፈልግ ለክተዋል። ያገኙት 23 ፒኮኒውተን ገደማ ነው። አንድ ፒኮኒውተን የአንድ ኒውተን አንድ ትሪሊዮንኛ ነው፤ አንድ ኒውተን ራሱ 100 ግራም የሚሆን ነገር እጅ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ክብደት ያህል ነው። ከምንም አይቆጠርም ማለት ይቻላል። ግን ይህ ድክመት ለሴሎቹ የግድ ያስፈልጋቸዋል፣ ምክንያቱም ጅረቱ ውስጥ ያለ ሴል ቆሞ አይደለም ያለው፣ እየተራመደ ነው፤ በጠንካራ ማያያዣ ቢታሰር ወይ ይቆማል ወይ ጎረቤቱን ይጎትታል። ደካማ ማያያዣዎች ብዙ ሆነው አንድ ላይ ሲይዙ ግን ሴሉ አይወድቅም፤ አንዷን እየፈታ ሌላዋን እያሰረ ይሄዳል።

ሴሎች እየመረጡ ይያያዛሉ የሚለው ሐሳብ ከዲክቲ በፊትም ነበር። በ1907 ሄንሪ ዊልሰን የተባለ ባዮሎጂስት የባሕር ስፖንጅን በጨርቅ ወንፊት አጥልሎ ሴሎቹን በታተናቸው። ሴሎቹ ተመልሰው ተሰባስበው ስፖንጅ ሆኑ። ማን ይዟቸው እንደሆነ ግን ያኔ ማየት አልተቻለም።

በዲክቲ ላይ ይህን ጥያቄ በ1960ዎቹ መጨረሻ የያዘው ጀርመናዊው ጉንተር ጌሪሽ ነው። ዘዴው ቀላል ይመስላል፣ ግን በደንብ የታሰበበት ነው። ከሴሎቹ ገጽ ጋር የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲ አዘጋጀ። ችግሩ አንቲቦዲ ሁለት እጅ አለው፤ በአንዱ አንድ ሴል፣ በሌላው ሌላ ሴል ይዞ ራሱ ያጣብቃቸዋል። ስለዚህ ባለ አንድ እጅ እንዲሆን ተቆረጠ። ባለ አንድ እጁ የሴሉን ማያያዣ ሸፈነው፣ ሴሎቹም መያያዝ አቃታቸው። በዚህ መንገድ ሁለት ዓይነት መያያዣ እንዳለ ታወቀ። አንዱ ገና በብቸኝነት ዘመን የነበረ፣ ካልሲየም ሲነጠቅ የሚፈታ፣ ሴሎችን ጎን ለጎን የሚያያይዝ ነው። ሌላው ከረሃብ በኋላ ብቻ የሚመጣ፣ ካልሲየም ቢነጠቅም የማይፈታ፣ ሴሎችን ጫፍ ለጫፍ የሚያያይዝ ነው። ያ "አንዱ የሌላውን ጅራት ይዞ" ያልነው ጅረት የዚህ የሁለተኛው ሥራ ነው።

ተራ በተራ የሚመጡ ፕሮቲኖች

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ማያያዣዎቹን በስማቸው ለይቷል። ዋናዎቹን ብቻ ላንሳ።

ቀድሞ የሚመጣው ዲዲካድ-1 ነው። ትንሽ ፕሮቲን ነው፣ 24 ኪሎዳልተን ገደማ (ዳልተን የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው)። ካልሲየም ይፈልጋል። የሚገርመው ወደ ሴሉ ገጽ የሚወጣበት መንገድ ነው። ወደ ውጭ የሚላክ ፕሮቲን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያው ላይ እንደ አድራሻ የሚያገለግል ቁራጭ ይኖረዋል። ይህኛው የለውም። የሚወጣው ሴሉ ትርፍ ውሃ በሚያስወግድበት ከረጢት በኩል ነው። ከረጢቱ ከሴሉ ሽፋን ጋር ሲገናኝ ዲዲካድ-1 ወጥቶ ገጹ ላይ ይቀራል። ውሃ ለማፍሰስ የተሠራ ዕቃ ማያያዣ ለማድረስም ሲያገለግል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሲኤስኤ የተባለው ነው፤ ክብደቱ 80 ኪሎዳልተን ስለሆነ ጂፒ80ም ይሉታል። ጌሪሽ ያገኘው ጫፍ ለጫፍ የሚያያይዘው ይሄ ነው። አንዱ ሲኤስኤ የሚይዘው ሌላ ሴል ላይ ያለ ሲኤስኤን ነው፤ የራሱን ዓይነት ይይዛል። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ። ሲኤስኤ በብዛት እንዲሠራ የሚያደርገው ያ በየ6 ደቂቃው የሚመጣው የሳይክሊክ ኤኤምፒ ማዕበል ራሱ ነው። የሚጠራውና መያዣውን የሚያስታጥቀው አንድ ነው ማለት ነው። ጥሪውን ሰምቶ የሚመጣ ሴል መንገድ ላይ እያለ ለመያያዝ እየተዘጋጀ ነው የሚመጣው። "መጀመሪያ ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ ይጣበቃሉ" የሚለው የተለመደ አነጋገር ይህን ይደብቃል።

በመጨረሻ፣ ጉብታው ሲሠራ፣ ጥንዶቹ ይመጣሉ፦ ቲጂአር-ቢ1 እና ቲጂአር-ሲ1። ተመራማሪዎች የዚህን ቤተሰብ ጂኖች "ታይገር" ብለው ነው የሚያነቧቸው። እነዚህ የራሳቸውን ዓይነት አይይዙም፤ ቢ1 ሲ1ን ይይዛል። ሲ1 የሌለው ዲክቲ ልቅ ጉብታ ላይ ደርሶ ይቆማል። ትልም አይሆን፣ አገዳም አያወጣ።

ያለ ሲኤስኤም ይሰበሰባል?

ክርክር ያስነሳው እዚህ ላይ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች የሲኤስኤን ጂን ከዲክቲ አጠፉ። ብዙዎች የጠበቁት ስብሰባው ይፈርሳል ብለው ነበር። አልፈረሰም። ጄሊ በሚመስለው የቤተ ሙከራ ማሳደጊያ ላይ ሴሎቹ ተሰበሰቡ፣ አገዳም አወጡ። አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው ሲኤስኤ ያን ያህል አያስፈልግም አሉ፤ ሌሎቹ ማያያዣዎች ይተኩታል። ይህ አስተያየት መሠረት አለው። ተፈጥሮ አስፈላጊ ሥራን ለአንድ ፕሮቲን ብቻ አትሰጥም፣ ብዙ ጊዜ መጠባበቂያ ይኖራል።

ሌላው ወገን ደግሞ የሙከራውን ቦታ ጠየቀ። ዲክቲ ለስላሳ ጄሊ ላይ አይኖርም፤ የሚኖረው አፈር ላይ ነው። አፈር ወጣ ገባ ነው፣ ጅረቱ በየጠጠሩ ይቆረጣል። በ2003 ክዌለር፣ ፖንቴ፣ ቦዛሮና ስትራስማን ሲኤስኤ ያላቸውንና የሌላቸውን ሴሎች ቀላቅለው በሁለቱም ቦታ ፈተኑ። ጄሊው ላይ ሲኤስኤ ያላቸው ሴሎች ተጎዱ፤ የሚሞተውን አገዳ በብዛት የሠሩት እነሱ ሆኑ፣ የሌላቸው ደግሞ ስፖር ሆነው ተረፉ። አፈር ላይ ግን ተገለበጠ። ሲኤስኤ ያላቸው እርስ በርስ እየተሳሳቡ ወደ ስብሰባው ገቡ፣ የሌላቸው መንገድ ላይ ቀሩ።

ይህ ውጤት በዝግመተ ለውጥ ሳይንስ "አረንጓዴ ጢም" ከሚባለው ሐሳብ ጋር ይገናኛል። ሐሳቡን በ1964 ያነሳው ዊልያም ሃሚልተን ነው። አንድ ጂን ለባለቤቱ የሚታይ ምልክት ቢሰጠው፣ ለምሳሌ አረንጓዴ ጢም፣ ያው ጂን ያንን ምልክት እንዲለይ ቢያደርገው፣ ደግሞም ምልክቱ ያለውን እንዲረዳ ቢያደርገው ጂኑ ሊስፋፋ ይችላል የሚል ነው። አንድ ጂን ሦስቱን ሥራ መሥራት ይከብደዋል ተብሎ ስለሚታሰብ ለብዙ ዓመት የወረቀት ሐሳብ ብቻ ይመስል ነበር። ሲኤስኤ ግን በአንድ መያያዝ ሦስቱንም ይፈጽማል፦ ራሱ ምልክቱ ነው፣ መለየቱም መያዙ ነው፣ መርዳቱም መጎተቱ ነው።

በእኔ ግምት የአፈሩ ሙከራ ሚዛን ይደፋል፤ ሴሎቹ የሚኖሩበት እዚያ ነውና። ይህ ግን የመጀመሪያዎቹን ሙሉ በሙሉ ስህተተኛ አያደርጋቸውም። ሌሎች ማያያዣዎች ሲኤስኤን ሊተኩት ይችላሉ ማለታቸው ልክ ነው። "መተካት ይቻላል" እና "አያስፈልግም" ግን አንድ አይደሉም፤ በሕዝብ ንግግር ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ሲቀላቀሉ በተደጋጋሚ ይታያል።

ዘመዱን የሚለየው ጥንድ

ሲኤስኤ "አለህ ወይስ የለህም?" ብሎ ነው የሚጠይቀው። በተፈጥሮ ያሉ ዲክቲዎች ግን ሲኤስኤ አላቸው። ታዲያ አንዱ ቤተሰብ ከሌላው በምን ይለያል?

መልሱ ጥንዶቹ ጋር ነው። የቲጂአር-ቢ1 እና የሲ1 ጂኖች ከአንዱ የዲክቲ ዘር ወደ ሌላው በጣም ይለያያሉ። በ2011 በሂዩስተን ቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎች አንዱን ዘር የራሱን ጥንድ አውጥተው የሌላ ዘር ጥንድ ሰጡት። ሴሎቹ ከቀድሞ ዘመዶቻቸው ተለይተው የጥንዱን ባለቤቶች መቀላቀል ጀመሩ። የቀረው የጂን ስብስባቸው ሁሉ እንደነበረ ነው፤ የተቀየረው ይህ ጥንድ ብቻ ነው። በ2013 ደግሞ ይህ መለየት ከአጭበርባሪ ሴሎች እንደሚጠብቅ ታየ፤ አጭበርባሪ የሚባለው ከስብሰባው የሚጠቀም፣ የአገዳውን ሞት ግን ለሌላው የሚተው ሴል ነው።

ሥራው በምን ይሄዳል በሚለው ላይ ሁለት አመለካከት አለ። አንደኛው መጣበቅ ራሱ ይበቃል ይላል። በደንብ የሚገጥሙ ሴሎች አጥብቀው ይያያዛሉ፣ የማይገጥሙት ልል ይላሉ፣ እንደ ዘይትና ውሃ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ይህ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ማልኮልም ስታይንበርግ ካቀረበው፣ የመጣበቅ ልዩነት ሴሎችን ይለያል ከሚለው ሐሳብ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛው ደግሞ መያዙ መልእክት ነው ይላል፤ ሲ1 ቢ1ን ሲይዝ ቢ1 ወደ ሴሉ ውስጥ "ዘመድ አግኝቻለሁ፣ ቀጥል" የሚል ምልክት ይልካል። በ2017 የወጣ ሥራ ሲ1 እንደ መልእክት ሰጪ፣ ቢ1 እንደ ተቀባይ እንደሚሠሩ አሳይቷል፣ ስለዚህ ሁለተኛው ጠንክሯል። ግን አንዱን መምረጥ ግድ የሚል አይመስለኝም። የሚይዝ እጅ የያዘውንም ሊዳስስ ይችላል።

መለየቱ ፍጹም እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የተለያዩ ዘሮች መጀመሪያ በአንድ ጥሪ ተጠርተው ተደባልቀው ይመጣሉ፤ የሚለያዩት ከተሰበሰቡ በኋላ ነው፣ ያውም ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይደለም።

የጉባኤው ልክ

የመጣበቅ ጥንካሬ ሌላም ነገር ይወስናል፤ የስብስቡን መጠን። ስብስቡ በጣም ካነሰ አገዳው አጭር ይሆናል፣ ስፖሩም ርቆ አይበተንም። በጣም ከተለቀ ደግሞ አገዳው ሸክሙን አይችልም፣ ይወድቃል። ሴሎቹ ቁጥራቸውን በምን ያውቃሉ?

በሪቻርድ ጎመር የሚመራው ቡድን ያገኘው መልስ እንዲህ ነው። ሴሎቹ "ቆጣሪ" ሊባል የሚችል የፕሮቲን ስብስብ ወደ ውጭ ይለቃሉ። ሴሎች ሲበዙ ቆጣሪው ይበዛል። ቆጣሪው ሲበዛ የሴሎቹ መጣበቅ ይላላል፣ እንቅስቃሴያቸው ግን ይጨምራል። ጅረቱ በዚህ ምክንያት ይበጣጠስና አንዱ ትልቅ ስብስብ ወደ ብዙ ትናንሽ ይከፈላል። ቆጣሪው ከመጠን በላይ የሚለቀቅባቸው ዲክቲዎች ብዙ ድንክዬ አገዳ ያወጣሉ። ቆጣሪው የሌላቸው ጥቂት ግን ግዙፍ ያወጣሉ፣ አገዳውም ይዘምማል። መላላትም እንደ መጥበቅ ሥራ ነው፣ ያለሱ አካሉ አይቆምም።

ለሰው ጤና ምን ይነግረናል?

ስለ ዲክቲ ሲወራ "ካንሰርን ለመረዳት ይጠቅማል" የሚል ነገር ቶሎ ይከተላል። በጥንቃቄ እንየው። በእንስሳት አካል ሴሎችን ከሚያያይዙት ዋናዎቹ ካድሄሪን የሚባሉ፣ ካልሲየም የሚፈልጉ ፕሮቲኖች ናቸው። በብዙ ካንሰሮች ሴሎቹ ይህን ማያያዣ ሲቀንሱ ከቦታቸው ተላቀው ይሰራጫሉ። ስለዚህ የመጣበቅ ጥያቄ ለሕክምና ትልቅ ጥያቄ ነው።

ግን ዲክቲ የእንስሳት ዓይነት ካድሄሪን የለውም። ዲዲካድ-1ም ካልሲየም መፈለጉ ብቻ ዘመዱ አያደርገውም። እንስሳትና ዲክቲ ብዙ ሴል መሆንን የጀመሩት በየራሳቸው መንገድ ነው። በሌላ በኩል በ2011 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት ዲክቲ አገዳ ሲያወጣ ጫፉ ላይ ሴሎች ተደርድረው እንደ ቆዳ ያለ ንብርብር እንደሚሠሩ፣ በዚያም ውስጥ በእንስሳት ካድሄሪን ሥር የሚሠሩት የካቴኒን ፕሮቲኖች ዘመዶች እንዳሉ አሳይቷል። የውስጡ ዕቃ ጥንታዊ ነው፣ የውጭ መያዣው ግን ለየብቻ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ መድኃኒት በቀጥታ ከዲክቲ ይገኛል ማለት ማጋነን ነው። የሚገኘው ስለ አሠራሩ ያለን ግንዛቤ ነው፣ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም። የዲክቲ የጂን ስብስብ በ2005 ተነቦ አልቋል፣ 12,500 ያህል ጂኖች አሉት፤ ከእያንዳንዱ ጂንም አንድ ቅጂ ብቻ ስላለው አንዱን አጥፍቶ ውጤቱን ማየት ከሰው ሴል ይልቅ በጣም ይቀላል።

ሲበተኑስ?

አገዳው ቆሞ ስፖሮቹ ከደረቁ በኋላ ማያያዣው ሥራ ይፈታል። ስፖሩ ባክቴሪያ ያለበት እርጥብ ቦታ ከወደቀ ልባሱ ይሰነጠቃል፣ ከውስጡ አንድ አሜባ ይወጣል። ይህ አሜባ መብላት ይጀምራል፣ ይከፈላል፣ ለብቻው ይሄዳል። በገጹ ላይ ሲኤስኤ አይገኝም፣ ታይገር ጥንዶችም አይገኙም። ጂኖቹ ግን አሉ፤ ባክቴሪያው አልቆ የመጀመሪያው ማዕበል እስኪደርሰው ድረስ ተዘግተው ይቆያሉ።